ጥቁሩ ኬሚስት ዶክተር ፐርሲ ጁልያንና የእብጠት መድኃኒት



በድንኳናችን ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ወሬ አለ። በመኪና ተገጭቶ ወይም ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሆስፒታል ገብቶ፣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሲያርፍ፣ ለቅሶ ሊደርስ ከተቀመጠው ሰው መካከል አንዱ ያን እብጠት የሚያጠፋውን መርፌ፣ ኮርቲዞን የሚሉትን፣ ቢወጉት ኖሮ ይተርፍ ነበር ይላል። አጠገቡ ያለው ራሱን እየነቀነቀ ይቀበለዋል። ሐዘንተኛው ታዲያ ይህን ሲሰማ በሐዘኑ ላይ ጸጸት ይጨመርበታል፤ ለምን አልጮህኩም፣ ለምን ዶክተሩን አልለመንኩም እያለ ራሱን ይበላል። ነገሩ እውነት ቢሆን ዝም እንል ነበር። እውነት ባለመሆኑ ግን ዘንድሮ በዚህ መጽሔታችን ላይ ልንጽፍበት ተነሣን።

ስለ መድኃኒቱ ስናነብ ስናጠያይቅ ደግሞ ከመድኃኒቱ ጀርባ አንድ ትልቅ ሰው አገኘን። የባሪያ የልጅ ልጅ የሆነ አሜሪካዊ ጥቁር ነው። ይህን ዓይነቱን መድኃኒት ከወርቅ ዋጋ አውርዶ ድሃ የሚገዛው እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። የመድኃኒቱን ነገር ለብቻው ከምናወራው ከሰውየው ሕይወት ጋር አያይዘን ብናወራው ይሻላል ብለናል። እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ስለሆንን ኬሚስትሪውን እንደ ሊቅ አንተነትንም፤ የገባንን በገባን ቋንቋ እናቀርባለን። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሰውየውንም ዶክትሬቱን እስኪይዝ ድረስ አንተ፣ ከዚያ ወዲያ አንቱ እያልን እንሄዳለን፤ ወጉ እንደዚያ ነውና።

ፐርሲ ላቮን ጁልያን ኤፕሪል 11 ቀን 1899 በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ ሀገር ሳይሆን በሰሜን አሜሪካ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል፣ አላባማ በምትባለው ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄምስ በባቡር ላይ እየተጓዘ ፖስታ የሚለይ ጸሐፊ ነበር። የእኛው ሙያ ሰው ነው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ኩራት ቢሰማን አይፈረድብንም። እናቱ ኤልሳቤጥ አስተማሪ ነበረች። ከ6 ልጆች የመጀመሪያው ፐርሲ ነው። አያቱ በባርነት የኖረ ሰው ሲሆን፣ በዚያን ዘመን ባሪያ ማንበብና መጻፍ ቢማር ወንጀል ነበርና ፊደል ቆጥረሃል ተብሎ ሁለት ጣቶቹን ቆርጠውበታል። ፐርሲ ራሱ ካደገ በኋላ ይህን ደጋግሞ ይናገር ነበር።

በዚያች ከተማ ለጥቁር ልጆች ከ8ኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም ለማለት ይቻላል። ፐርሲም ለጥቁሮች በተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ የሚገኘውን ያህል ተምሮ፣ በ1916 ኢንዲያና ግዛት ግሪንካስል በምትባል ትንሽ ከተማ ወደሚገኘው ዲፖ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ባቡር ጣቢያ ከሸኙት ዘመዶቹ መካከል አያቱ ያችን ጣት የጎደላት እጁን እያውለበለበ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ገባ ይባል እንጂ አገባቡ ከባድ ነበር። ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ስለሆነ ቀን የኮሌጁን ትምህርት እየተማረ፣ ማታ ማታ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያሟላ ጀመር። ነጮች ከሚያድሩበት መኝታ ቤት ማደር አይፈቀድለትም። ምግብ የሚያበላው ቤት እስኪያገኝ ድረስ እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ጾሙን ዋለ። ኋላ የነጭ ተማሪዎች ማኅበር ቤት ውስጥ ምግብ እያቀረበ፣ የማሞቂያውን ምድጃ እያነደደ፣ በምላሹ ጣራ ሥር ባለችው ክፍል እንዲተኛ ተፈቀደለት። በ1920 ሲመረቅ ግን ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ወላጆቹም ይህን አይተው ቤታቸውን ነቅለው ወደዚያችው ከተማ ተዛወሩ፤ ሌሎቹም ልጆች እንዲማሩ። 6ቱም ልጆች ኮሌጅ ጨረሱ። ሁለቱ ወንድሞቹ ሐኪሞች ሆኑ፣ ሦስቱ እኅቶቹም ማስተርስ ያዙ። በአንድ የፖስታ ጸሐፊ ደመወዝ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቂት ዓመት ቶሎ ብለን እንለፈው። ፊስክ በሚባለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1923 ከሃርቫርድ ማስተርሱን ያዘ። ዶክትሬቱን እንዳይቀጥል ግን እንቅፋት ገጠመው፤ ነጭ ተማሪዎች በጥቁር መማር ይከፋቸዋል ተብሎ የረዳት አስተማሪነቱ ቦታ ተከለከለ። ዌስት ቨርጂኒያ ሄዶ አስተማረ፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1929 ከሮክፌለር ድርጅት ገንዘብ አግኝቶ ወደ ኦስትሪያ ተሻገረና በቪየና ዩኒቨርሲቲ ኤርንስት ሽፔት በተባሉት ፕሮፌሰር ሥር ተምሮ በ1931 ዶክተር ሆነ። በአገሩ የከለከሉትን በሰው አገር አገኘ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንቱ ነው።

ዶክተር ጁልያን ወደ አሜሪካ ተመልሰው፣ ብዙም ሳይቆዩ ሃዋርድን ለቀቁና ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ወደ ዲፖ ለምርምር ሄዱ። እዚያ የሠሩት ሥራ ነው ስማቸውን ያወጣው። በምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ ካላባር በሚባለው አካባቢ የሚበቅል አንድ መርዘኛ ባቄላ አለ። ከዚህ ባቄላ ውስጥ የሚወጣው ፊዞስቲግሚን የተባለው ነገር ግላኮማ ለሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ መድኃኒት ነው። ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ነው ግላኮማ። ይህን ነገር በቤተ ሙከራ ለመሥራት በዚያን ጊዜ በዓለም የታወቁት የኦክስፎርዱ ሮበርት ሮቢንሰን እየሞከሩ ጽሑፍ ያወጡ ነበር። ዶክተር ጁልያንና ከቪየና አብሯቸው የመጣው ጓደኛቸው ዮሴፍ ፒክል ግን የእኛ ውጤት ከኦክስፎርዱ አይገጥምም፣ የተሳሳቱት እርሳቸው ናቸው ብለው ጻፉ። ይህ ድፍረት ነው። ቢሳሳቱ ኖሮ የዶክተር ጁልያን ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። በ1935 ነገሩ ተጣርቶ ሲታይ ጁልያን ትክክል ሆነው ተገኙ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ሠርተው ዲፖ ዩኒቨርሲቲ የአስተማሪነት ቦታ ነፈጋቸው፤ ምክንያቱ ቀለማቸው ነው። ዱፖንት የተባለው ትልቁ የኬሚካል ኩባንያ ጓደኛቸውን ፒክልን ቅጠር ሲባል እሺ አለ፣ እርሳቸውን ግን አልፈልግም አለ። በዊስኮንሲን ግዛት አፕልተን በምትባል ከተማ የሚገኝ የወረቀት ኬሚስትሪ ተቋም ሊቀጥራቸው ሲያስብ ደግሞ፣ በዚያች ከተማ ጥቁር ሰው ማደር አይፈቀድለትም ተባለ። ሥራው አለ፣ ችሎታው አለ፣ የሚተኛበት አልጋ ግን የለም። ወይ ጉድ ያሰኛል።

በመጨረሻ በ1936 ቺካጎ የሚገኘው ግሊደን የተባለው የቀለም ኩባንያ የአኩሪ አተር ክፍሉን ምርምር በኃላፊነት ሰጣቸው። በዚያን ዘመን አንድ ጥቁር ሰው የነጭ ኬሚስቶች አለቃ ሆኖ መቀመጡ ብርቅ ነገር ነበር። ከአኩሪ አተር ፕሮቲን ለወረቀት መቀቢያ የሚሆን ነገር አወጡ። ከዚሁ ፕሮቲን ሌላ ኩባንያ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ሠራበት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መርከበኞች የባቄላ ሾርባ እያሉ የሚጠሩት ያ አረፋ በመርከብ ላይ የተነሣ የዘይትና የቤንዚን እሳት እያፈነ ብዙ ነፍስ አተረፈ። የእሳቱን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ሆርሞን እንምጣ። ሆርሞን ማለት በሰውነታችን ውስጥ ያሉ ዕጢዎች በደም በኩል ለሌላው አካል የሚልኩት ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄደውን ማስታወሻ ያስታውሷል፤ ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ናት፣ ነገር ግን መላውን ክፍል ታንቀሳቅሳለች። ፕሮጄስትሮን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን ነው፤ ጽንስ ጸንቶ እንዲቀመጥ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ ጽንስ ለሚጨናገፍባቸው ሴቶች ይፈለግ ነበር። ችግሩ የሚገኝበት መንገድ ነው። በ1930ዎቹ የጀርመን ሊቃውንት ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ለማግኘት የ50,000 አሳማዎች እንቁላል ማፍሪያ መፍጨት ነበረባቸው። ይህ እንግዲህ መድኃኒት ሳይሆን ዕንቁ ነው።

ዶክተር ጁልያን ካላባር ባቄላውን ሲመረምሩ ከዘይቱ ውስጥ ነጭ ነገር ሲረጋ አይተው ነበር። ስቲግማስቴሮል ይባላል፤ በኬሚስት እጅ ከተሠራበት ወደ ፕሮጄስትሮን ሊለወጥ ይችላል። በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥም ይኸው ነገር አለ፤ ማውጣቱ ነው ያስቸገረው። በ1940 ገደማ አንድ ቀን ከፋብሪካው ስልክ ተደወለላቸው። 100,000 ጋሎን የተጣራ ዘይት በያዘው ታንክ ውስጥ ውሃ ገብቶ ዘይቱ ተበላሸ፣ ነጭ ነገር ረግቶበታል አሏቸው። ሌላ ሰው ቢሆን የኪሣራውን ሂሳብ ይሠራ ነበር። እርሳቸው ሲያዩት ያ የረጋው ነገር ሲፈልጉት የኖሩት ስቲግማስቴሮል ሆኖ አገኙት። ውሃው ራሱ ነው ያወጣላቸው። በዚህ መንገድ ፕሮጄስትሮንን በፋብሪካ መጠን አመረቱ። መጀመሪያ ወደ ገበያ የወጣው 1 ፓውንድ፣ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነገር፣ 63,500 ዶላር አውጥቶ አፕጆን ለተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በጠመንጃ ታጅቦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ኮርቲዞን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል ይገባናል፤ ብዙ ሰው ዶክተር ጁልያን ኮርቲዞንን ፈለሰፉ ይላል። አይደለም። ኮርቲዞን ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ ከተቀመጡት ዕጢዎች የሚገኝ ሆርሞን ነው። በሚኒሶታ በሚገኘው በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩት ኬንዳል ያወጡት፣ ዶክተር ሄንች ደግሞ በ1948 በቁርጥማት ለተቆራመደች አንዲት ሴት ሰጥተው በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ስትሄድ ያዩት ነው። በ1949 ወሬው ሲሰማ ዓለም ተደነቀ፤ በ1950 ሁለቱ ከስዊሱ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የሚሠራው ግን ከበሬ ሐሞት ተነሥቶ በ30 ከሚበልጥ ደረጃ ነው። የአንድ በሽተኛን የአንድ ቀን መድኃኒት ለማግኘት 40 በሬ ያህል ያስፈልጋል ይባል ነበር። 1 ግራም 200 ዶላር ተሸጠ። አንካሳው ሁሉ ሰማ፣ ማን ገንዘብ አለው?

የዶክተር ጁልያን ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ከአኩሪ አተር ተነሥተው ከኮርቲዞን ጋር የሚመሳሰል፣ አንዲት የኦክሲጅን አቶም ብቻ የጎደለችው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ ተብሎ የሚጠራውን ነገር በርካሽ የሚመረትበትን መንገድ በ1949 አስታወቁ። በ1952 ደግሞ በአፕጆን የሚሠሩ ሁለት ሳይንቲስቶች ሻጋታ ይህችን ኦክሲጅን በትክክለኛው ቦታዋ እንደምታስገባ አገኙ፤ ሻጋታዋን ያበሏት ፕሮጄስትሮን ነበር። እንጀራ ላይ ስናያት የምንጥላት የሻጋታ ዘመድ መሆኗ ነው። በዚህ ሁሉ ተጋግዞ ዋጋው ከ200 ዶላር ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። ክብሩ የብዙ ሰው ነው፤ የእርሳቸው ድርሻ ግን ትንሽ አይደለም። ያለፈልሳፊነቱም ይበቃቸዋል፣ መጨመር አያስፈልግም።

በ1950 አንድ የቺካጎ ጋዜጣ ዶክተር ጁልያንን የዓመቱ የቺካጎ ሰው ብሎ መረጣቸው። በዚያው ዓመት ከቺካጎ አጠገብ ባለችው ኦክ ፓርክ ቤት ገዙ። ባለቤታቸው አና ራሷ በማኅበረሰብ ጥናት ዶክተር ናት፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሰፈሩ ግን የነጮች ነው። መጀመሪያ የውሃ ሹሙ ውሃ አልከፍትም አለ። ከዚያም በኖቬምበር ወር፣ አሜሪካኖች ለፈጣሪ ምስጋና በሚያቀርቡበት በዓል ቀን፣ ገና ሳይገቡበት ሰዎች ነዳጅ አርከፍክፈው ቤቱን ለማቃጠል ሞከሩ። የመርከበኞችን እሳት ያጠፋው ሰው ቤት ነው እንግዲህ። እሳቱ ጠፋ፤ ቤተሰቡም ገባ። በጁን 1951 ደግሞ ወላጆቹ ባልነበሩበት ሌሊት ከሚያልፍ መኪና ላይ ድማሚት ተወረወረና ከልጆቹ መኝታ ክፍል መስኮት ውጪ ፈነዳ። ልጆቹ ተረፉ። ከዚያ በኋላ ዶክተር ጁልያን ሌሊት ሌሊት ጠመንጃ ይዘው ከልጃቸው ጋር ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ እየተቀመጡ ቤታቸውን ጠበቁ። ቀን ሆርሞን፣ ሌሊት ጥበቃ። አልሄድም አሉ፣ አልሄዱምም። ከሰፈሩ ነጮች ብዙዎቹ ደግሞ ተሰብስበው ከጎናቸው ቆመዋል፤ ይህንም አለመጻፍ ግፍ ይሆናል።

በ1953 መጨረሻ ግሊደንን ለቀው የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ከአኩሪ አተር ይልቅ ሜክሲኮ ውስጥ የሚበቅል የዱር ቦዬ መሰል ሥር ለሆርሞን የተሻለ መሆኑ ታውቆ ስለነበር በእርሱ ሠሩ፤ በሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸውን ጥቁር ኬሚስቶች ቀጠሩ። በ1961 ኩባንያውን ለአንድ ትልቅ የመድኃኒት ድርጅት በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጡ። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ፤ ከጥቁሮች ሁለተኛው ናቸው። ኤፕሪል 19 ቀን 1975 በጉበት ካንሰር ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 76 ነበር። በ1985 ኦክ ፓርክ፣ ያችው ቤታቸው የተቃጠለባት ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤቷን በስማቸው ሰየመች። በ1993 ደግሞ ምስላቸው በቴምብር ላይ ወጣ፤ የፖስታ ጸሐፊው አባታቸው ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያልን አስበናል።

እርሳቸው ሲያርፉ ግን የመድኃኒቶቹ ታሪክ አላለቀም። እንዲያውም እኛን ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣን ነገር ገና አልደረሰም ነበር።

ክንዳችን ቢመታ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ እብጠቱም ወደ ውጪ የሚሄድበት ቦታ አለው። ጭንቅላት ግን አጥንት የዘጋው ሣጥን ነው። አንጎል ሲያብጥ ወዴት ይሂድ? ራሱን በራሱ ይጫናል፣ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ከአደጋው ጊዜ ተርፎ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚሞተው በዚህ ነው። የኮርቲዞን ዘመዶች መቆጣትንና እብጠትን ያበርዳሉ። በ1961 በሚኒሶታ ሐኪሞች ከእነዚህ ዘመዶች አንዱን፣ ዴክሳሜታዞን የተባለውን፣ በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ላበቀሉ በሽተኞች ሰጥተው እብጠቱ በሚያስደንቅ ሁኔታ ሲቀንስ አዩ። ይህ እስከ ዛሬ ይሠራል። ታዲያ ሐኪሞቹ የዕጢው እብጠት ከቀነሰ የአደጋውም ይቀንሳል ብለው ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ሁሉ ይሰጡ ጀመር። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ እኛም ብንሆን እንደዚያው እናስብ ነበር። 30 እና 40 ዓመት ያህል በብዙ አገር ሲሰጥ ኖረ። ድንኳናችን ውስጥ የሚነሣው ወሬ የመጣው ከዚያ ዘመን ነው።

ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ትንንሽ ጥናቶች መለየት አልቻሉም። ስለዚህ በ1999 በለንደን የሚመራ ክራሽ የተባለ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። በ49 አገሮች፣ በ239 ሆስፒታሎች፣ ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዋቂዎች በ8 ሰዓት ውስጥ ሲደርሱ በዕጣ ለሁለት እየተከፈሉ፣ ግማሾቹ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለውን የኮርቲዞን ዘመድ ለ48 ሰዓት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ወሰዱ። የሚሰጠው ሐኪምም የትኛው የቱ እንደሆነ አያውቅም። 20,000 ሰው ሊመዘግቡ አስበው ነበር። በ2004 ግን 10,008 ላይ ሲደርሱ ጥናቱ እንዲቆም ተደረገ። በ2 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 1,052፣ ካላገኙት 893 ሞተው ተገኙ። ከመቶ ሲሰላ 21.1 እና 17.9 ነው። መድኃኒቱ ማትረፉ ቀርቶ የሚሞተውን ሰው ቁጥር ጨመረው። ከ6 ወር በኋላ ሲቆጠርም ልዩነቱ እንዳለ ነበር።

እንግዲህ ሐዘንተኛውን ቢወጉት ኖሮ የምንለው ሰው፣ የምንናገረው ይህንን ነው። ዛሬ ሐኪሙ ለተመታ ጭንቅላት ያንን መርፌ አልሰጥም ቢል አውቆ ነው፣ ንቆ አይደለም።

የዶክተር ጁልያን የመጀመሪያ ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮንም፣ ተራው ደረሰው። በአትላንታ በኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዶናልድ ስታይን አንጎላቸው የተጎዳ ሴት አይጦች፣ በተለይም ይህ ሆርሞን በሰውነታቸው ውስጥ በሚበዛበት ጊዜ፣ ከወንዶቹ ይልቅ እብጠታቸው እንደሚያንስ አስተዋሉ። ለወንዶቹም ሲሰጧቸው ጠቀማቸው። 100 ያህል በሽተኞች ላይ የተደረገውና በ2007 የታተመው ጥናት ተስፋ ሰጠ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተደረጉ፤ አንደኛው በአሜሪካ በ882 ሰዎች፣ ሁለተኛው በ21 አገሮች በ1,195 ሰዎች። የሁለቱም ውጤት በዲሴምበር 2014 ወጣ። በመጀመሪያው ጥሩ ያገገሙት ሆርሞኑን ካገኙት ከመቶ 51፣ ካላገኙት 55.5 ነበሩ፤ በሁለተኛው 50.4 እና 50.5። ጥቅም የለውም ማለት ነው። የአይጥና የሰው ጭንቅላት ለየቅል ሆነ።

ዛሬ ታዲያ ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው የሚደረገው ሌላ ነው። ትንፋሹና ኦክሲጅኑ እንዳይጎድል ይጠበቃል፤ ራሱ ከፍ ብሎ ይተኛል፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ይነሣል፤ ደም ከተጠራቀመ ቀዶ ጥገና ይደረጋል። እብጠቱን ለመቀነስ ማኒቶል የሚባል ፈሳሽ ወይም ጨዉ የበዛ ውሃ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሲብስም የራስ ቅሉን አጥንት ከፊሉን አንሥተው አንጎሉ ቦታ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይሞታል። ገንዘብ ሰብስበን የቀበርናቸውን ሁሉ መድኃኒት ተከልክለው ነው ማለት ግን አይቻልም።

አንድ ነገር ብቻ ለአባላት እናስታውስ። ከመካከላችን ለአስም፣ ለቁርጥማት ወይም ለሌላ በሽታ ፕሬድኒሶሎን በየቀኑ የሚውጥ አለ። ይህ ጽሑፍ መድኃኒቱን ጣል የሚል አይደለም፤ ለብዙ ጊዜ የተወሰደ የዚህ ዓይነት መድኃኒት በድንገት ቢቋረጥ ራሱ አደጋ ያመጣል፣ ምክንያቱም ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ይቆያልና። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚወስድ ለቤተሰቡ ይንገር፤ አደጋ ቢደርስበትና ሆስፒታል ቢገባ ቤተሰቡ ለሐኪሙ እንዲነግርለት።